ክኒን ከመላካችሁ በፊት

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይሰነብት «ራሴን ደጋግሞ ያመኛል» ብሎ ሲደውል፣ እኛ ውርጌሳ አያት «ምች ነው፤ ዳማከሴ ይጠጣ» ትላለች። እናት ፓራሲታሞል ትልካለች። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና ሁለቱም እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እኔም አስቀድመው ልጁን እንዲጠይቁት እነግራቸዋለሁ።

ቁርስ ይበላል? ውኃስ ይጠጣል? ስንት ሰዓት ይተኛል? ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳው ይታየዋል? ቤት እያለ ቡናን እስከ ሦስተኛው ይጠጣ የነበረ ልጅ ድንገት ሲያቋርጥም ራሱን ለቀናት ሊያመው ይችላል።

ክኒኑን በወር ስንት ቀን እንደሚውጥም ጠይቁት። ፓራሲታሞል በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ስለዚህ ያመመውን ቀን፣ የበላበትንና የተኛበትን ሰዓት፣ የወሰደውን ክኒን ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ግቢው ክሊኒክ ሄዶም ያሳይ። ትኩሳት ካለው የወባ ምርመራ ያድርግ።

ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ ድንገት የመጣ ከባድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የዓይን ብዥታ ከታየ ግን በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሂድ። አገራችን የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ናት፤ በሽታው ደግሞ ተጠጋግተው በሚያድሩበት ዶርም በቀላሉ ይተላለፋል።

ስልኩን ሳትዘጉ «ከማን ጋር ነው የምትበላው?» በሉት። ብቸኝነትና ጭንቀትም ራስ ያማል፤ ልጅ ግን «ከፋኝ» ከማለት «አመመኝ» ማለት ይቀለዋል።