ትዝታ የማን ነው?

ስለ አገር ሙዚቃ የሚጻፉ ሐተታዎችን የሚያነብ፣ በመማሪያ ክፍልም የሚሰጡ ማብራሪያዎችን የሚያዳምጥ ሰው አንድ የተለመደ ድልድል ያጋጥመዋል። ትዝታ የሐዘን፣ ሌላው ቅኝት የፍቅር፣ ሌላው የደስታ እየተባለ ለየቅኝቱ ስሜት ይታደላል። ተማሪው ይህንኑ ሸምድዶ ለፈተና ይመልሳል። እናቱ ጥጥ እየፈተለች ስታንጎራጉረው የሰማውን ትዝታ የሚያስታውስ ልጅ ግን አለ። ለእርሱ ያ ዜማ የቤት ሙቀት ነው፤ መጽናኛ ነው። ይህን ልጅ «ሐዘን ብለህ ጻፍ» ማለት ሙዚቃን ማስተማር ሳይሆን የገዛ ጆሮውን እንዳያምን ማድረግ ነው።

ድልድሉ ለማስተማር የሚያመች ይምሰል እንጂ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ቅኝት የድምፆች አሰዳደር ሥርዓት ነው እንጂ ስሜት ታሽጎ የሚቀመጥበት ዕቃ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። ከያኒው በእነዚህ ድምፆች ያዝናል፣ ይቀልዳል፣ ያሞግሳል፣ ይሸነቁጣል። በሙሉ ትዝታ እንባ የሚያመጣ እንጉርጉሮ እንደሚዜም ሁሉ እስክስታ የሚያስመታ ዘፈንም ይዘፈንበታል። ባቲና አምባሰልም ቢሆኑ ስማቸውን የወረሱት ከወሎ ምድር እንጂ ከደስታ ወይም ከሐዘን አይደለም።

ትዝታ ራሱ የሚመሰክረው ከድልድሉ የተለየ ነው። ዜማው የጋራ ነው፤ የእኔ ነው ባይ ደራሲ የለውም። ይሁን እንጂ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በክራራቸው፣ ማሕሙድ አሕመድ በባንድ ታጅቦ፣ በዛወርቅ አስፋውም በራሷ ለዛ ያዜሟቸው ትዝታዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የጋራው ዜማ ለእያንዳንዱ የሚገባበትን በር ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ይህ በር ለአድማጩም ክፍት መሆኑን ያያል። ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። የአንድ ሰው ብሶት ወይም ሽሙጥ በቅጽበት የቤቱ ሁሉ ዘፈን ይሆናል። ያንኑ ስንኝ ሰምቶ አንዱ ሲስቅ፣ ወርቁ የገባው ሌላው አንገቱን ይደፋል። እንግዲህ የግል ትርጉም በዚህ ጥበብ ውስጥ ስሕተት ሳይሆን መሠረት ነው።

የግል ስሜት ወደ ግለኝነት ያመራል፤ የሙዚቃ ተግባር ሕዝብን በአንድ ልብ ማሰለፍ ነው የሚሉ ወገኖችም አሉ። እነዚህ ወገኖች ሽለላንና ፉከራን ልብ ብለው አልሰሙም። የጦር ሠራዊትን ደም ያሞቅ የነበረው ይህ ጥበብ ፎካሪው የአባቱንና የፈረሱን ስም እየጠራ፣ የራሱን ጀብዱ እየቆጠረ የሚያሰማው የግል ቃል ነው። ሌላው የሚነሣሣው አንዱ ስለ ራሱ ሲናገር በመስማቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ያረፈው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲነፋው ቃሉ ቀርቷል፤ ወኔው ግን አልቀረም። ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅ አድማጭ በዚያ ድምፅ ከራሱ ችግር፣ ከራሱ ፍርሃት ጋር ይፋለማል። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ብቻ ለተጫወቷቸው ዜማዎችስ አንድ የተወሰነ ስሜት ቆርጦ የሚሰጥ ዳኛ ከወዴት ይመጣል?

ይህ ሲባል ግን ሙዚቃ ዕውቀት አያሻውም፣ ሁሉም እንደ መሰለው ይተርጉም ማለት አይደለም። በግማሽ ትዝታ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ከሙሉ ትዝታ ዝቅ እንደሚሉ የለየ ጆሮ ካልለየው ይልቅ ብዙ ይሰማል። የዜማውን አካሄድ፣ የስንኙን ሰምና ወርቅ፣ የመሣሪያውን ጠባይ ማስተማር ይገባል። ዕውቀት የአድማጩን ስሜት ያጠራዋል፤ ያሰፋዋል። ሊተካው ግን አይችልም።

ሰው ሠርቶ ባሰናዳለት ስሜት ብቻ መስማት የለመደ ትውልድ የሚቀበል እንጂ «ተቀበል» የሚል አይሆንም። ስንኝ የሚሰጥ ታዳሚ ሲጠፋ ደግሞ የአዝማሪው ጥበብ የሚቆምበት መሬት ያጣል። ስለዚህ መምህሩ ዜማውን ያሰማ፤ ቅኝቱን ያስረዳ። ከዚያ በኋላ መልሱን በሰሌዳ ከመጻፍ ይታቀብና ተማሪው ምን እንደ ሰማ ይጠይቀው። ሐያሲውም እንዲሁ ያድርግ። ዜማው የሕዝብ ነው፤ ትዝታው የአድማጩ ነው።