የድሬዳዋ ከተማ የክረምት ገበያ፦ በየዓመቱ ከዜሮ መጀመር እስከ መቼ?

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ በድሬዳዋ የሚወራው አንድ ነገር ነው፡፡ ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጣውም፣ ሳቢያን ባጃጅ የሚጠብቀውም፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተሰየመውም የድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብን ዝውውር ይጠይቃል፡፡ ማን ፈረመ? ማን ለቀቀ? አሠልጣኙስ ይቀጥላል ወይ? እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ፡፡ በቀደም ታዲያ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ ጎረቤቴ፣ የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ «አቦ ልጄ፣ የዘንድሮዎቹን ስም ሳልይዝ እኮ ሊጉ ያልቃል፡፡ ስማቸውን ስይዝ ደግሞ ይሄዳሉ» አሉኝ፡፡ ሳቅኩ፡፡ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ አልሆነልኝም፡፡

በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ፡፡ የሒሳብ ሰው ደግሞ ገንዘብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ የወጣው ገንዘብ ሀብት ሆኖ ይመዘገባል ወይስ በዓመቱ መጨረሻ ተበልቶ የሚያልቅ ወጪ ነው የሚለውን ነው፡፡ በአገራችን ሊግ ተጫዋቾች በአብዛኛው የሚፈርሙት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፡፡ በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር የመነጋገር መብት አለው፡፡ እንግዲህ የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ልጅ ገና የከተማዋን ሙቀት ሳይለምድ፣ በውድድሩ አጋማሽ ላይ ስለ ቀጣዩ ክለቡ ማሰብ ይጀምራል ማለት ነው፡፡ ውሉ ሲያልቅ በነፃ ይሄዳል፡፡ ክለቡ ደመወዝ ከፍሎ፣ አሠልጥኖ፣ በቴሌቪዥን አሳይቶ፣ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ለሌላው ያስረክበዋል፡፡ ከዚያ በነሐሴ እንደገና ወደ ገበያ ይወጣል፡፡

ይህ የድሬዳዋ ብቻ ችግር አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር፡፡ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና፣ እንዲሁም እንደ ንግድ ባንክ፣ መድንና መቻል ካሉ የተቋም ክለቦች በስተቀር፣ ብዙዎቹ የሊጉ ቡድኖች በከተማ ወይም በዞን አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፡፡ የበጀት ዘመን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የዝውውር መስኮቱም በክረምት ይከፈታል፡፡ ገንዘቡ በዓመት ተመድቦ በዓመት የሚያልቅ ስለሆነ፣ ውሉም በዓመት ይለካል፡፡ የክለብ አመራሩም በአስተዳደሩ ሹመት የሚቀያየር ስለሆነ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ፍሬ የሚያፈራ ችግኝ ለመትከል የሚቸኩል የለም፡፡ የሚያስቸኩለው ዘንድሮ አለመውረድ ነው፡፡

አለመውረድም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ድሬዳዋ ከተማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው በ2008 ዓ.ም. ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ብዙውን ጊዜ ከሠንጠረዡ ወገብ በታች ሆኖ፣ ደጋፊውን እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት በጭንቀት ይዞት ቆይቷል፡፡ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ያለ አሠልጣኝ የአሥራ ስምንት ዓመት የቀፊራ ልጅ አሰልፎ የራሱን እንጀራ አያስይዝም፡፡ ልምድ ያለው ተጫዋች ያስመጣል፡፡ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር፡፡ ስለዚህ አሠልጣኝን መውቀስ ወደ ሥሩ አያደርሰንም፡፡

ስለ ገንዘቡ ትንሽ እንነጋገር፡፡ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፌዴሬሽኑና ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፡፡ በዚያ ስሌት 25 ተጫዋች ያለው ክለብ ሁሉንም በጣሪያው ቢከፍል እንኳ የዓመቱ ደመወዝ 15 ሚሊዮን ብር ነው፡፡ ስምምነቱ ብዙም ሳይቆይ ከጠረጴዛ በላይ ሌላ፣ ከጠረጴዛ በታች ሌላ ክፍያ እንዳለ በይፋ ይወራ ጀመር፡፡ ከአምስት ዓመት በኋላ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ጣሪያውን ከተጫዋቹ ወደ ክለቡ አዛውሮ፣ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት የሚያወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ወሰነ፡፡ አዲሱ ጣሪያ ከ50 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፡፡ ይህንን ለ25 ሰውና ለ12 ወር ብናካፍለው በአማካይ ለአንድ ተጫዋች በወር ከ166,000 ብር ይበልጣል፡፡ የኑሮ ውድነቱና የብር መዳከም እንዳለ ሆኖ፣ የመጀመሪያው ጣሪያ ወረቀት ላይ ብቻ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አያስፈልግም፡፡

ይህን ያህል ገንዘብ ለኳስ መውጣቱ በራሱ አያስቆጣኝም፡፡ የሚያስቆጣኝ፣ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ በእጅ የሚቀር ነገር አለመኖሩ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ገና ውል ነበረው፡፡ በዓመቱ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲፈልገው ከቡና ጋር ተደራድሮ ከፍሎ ነው የወሰደው፡፡ ውሉ አልቆ ቢሆን ኖሮ ቡና የሚያተርፈው ጭብጨባ ብቻ ነበር፡፡ በነገራችን ላይ አቡበከር የሰበረው የ24 ግብ ክብረ ወሰን በ1993 ዓ.ም. የተመዘገበ ሲሆን፣ ባለቤቱ የእኛው የድሬዳዋ ልጅ ዮርዳኖስ ዓባይ ነው፡፡ ያንን ሁሉ ግብ ያስቆጠረው ግን ለመብራት ኃይል ነበር፡፡ በኋላ እስከ የመን ሄዶ ተጫውቶ፣ የኋላ ኋላ ድሬዳዋ ከተማን በአሠልጣኝነት ለማገልገል በቅቷል፡፡ ከተማችን ልጆቿን በዚህ መንገድ ስትሸኝና ስትቀበል ኖራለች፡፡ ስትሸኝ ግን ደረሰኝ የላትም፡፡

ደረሰኝ ስል ለማሳመር አይደለም፡፡ ፊፋ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር አገር ሲዘዋወር፣ ከዝውውር ክፍያው አምስት በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል፡፡ ገንዘቡን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው፡፡ ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ፣ በፌዴሬሽኑ የጸደቀ መዝገብ፡፡ ደቻቱ ዳር በባዶ እግሩ ሲጫወት ያደገ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ በክለቡ ታዳጊ ቡድን ካልተመዘገበ፣ ነገ ካይሮ ወይም ጆሐንስበርግ ቢሸጥ ከተማዋ አምስት ሳንቲም አትጠይቅም፡፡ መጠየቅም አትችልም፡፡

በዚህ ላይ የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ፡፡ «በአንድ ክረምት ገበያ ወጥቶ ዋንጫ የወሰደ የለም ወይ?» የሚል ነው፡፡ አለ፡፡ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ባደገበት ዓመት፣ በናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ግቦች ታግዞ ሻምፒዮን ሆኗል፡፡ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አንሥቷል፡፡ ግን የባንኩን ካዝና ከከተማ አስተዳደር ካዝና ጋር ማወዳደር አይቻልም፡፡ ጅማን በተመለከተ ደግሞ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል፡፡ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወርዷል፡፡

የሚገርመው፣ በዚያ የጅማ ድል ጊዜ አሠልጣኝ የነበረው ገብረመድኅን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ደገመው፡፡ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መድን ጋር ነው፡፡ መድን ወደ ሊጉ የተመለሰው በ2015 ዓ.ም. ነበር፡፡ ዋንጫው የመጣው በሦስተኛው ዓመት፣ በዚያው አሠልጣኝ ነው፡፡ በድሬዳዋ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ስንት አሠልጣኝ እንደተቀያየረ ጣታችንን አጥፈን ብንቆጥር፣ የሁለት እጅ ጣት ይበቃ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፡፡

ነገሩን ከሩቅ አገር ጋር ማስተያየት ይጠቅም ይሆናል፡፡ የአሜሪካ የቤዝቦል ቡድኖች ልክ እንደኛ ከውድድር በፊት የግብይት ወቅት አላቸው፡፡ በክረምታቸው ይገዛሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ያሰናብታሉ፡፡ ከዚያም በየካቲት ሞቃታማ ወደሆኑት ፍሎሪዳና አሪዞና ወርደው ይዘጋጃሉ፡፡ ልዩነቱ፣ በዋናው ሊግ መጫወት የጀመረ አንድ ወጣት በነፃነት ራሱን ለገበያ የሚያቀርበው ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ መሆኑ ነው፡፡ እዚያ በአንድ ክረምት የሚቀያየረው የቡድኑ ጠርዝ እንጂ ምሰሶው አይደለም፡፡ ስድስት ዓመት ለእኛ ብዙ ነው፤ ለተጫዋቹም ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል፡፡ ሦስት ዓመት ግን ምን ይከለክላል?

ጎረቤቴን ይህንኑ ጠየቅኳቸው፡፡ እሳቸው የሚያስታውሱት ኮተንን ነው፡፡ የጥጥ ማኅበሩ ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮናን በ1952፣ በ1954፣ በ1955 እና በ1957 ዓ.ም.፣ በኋላም በ1975 ዓ.ም. ወስዷል፡፡ የዛሬ ወጣት ይህንን ስነግረው የማጋንን ይመስለዋል፡፡ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተን ተጫዋች ነበር፡፡ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ሁለት እዚሁ ከተማ ተካሂዶ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ተጫውተውበታል፡፡ ሞሮኮ ከዚህ ተነሥታ ነው ዋንጫውን የበላችው፡፡

«ታዲያ ሉቺያኖም እኮ የአስመራ ልጅ ነው፤ ኮተንም ከውጭ ያስመጣ ነበር» አልኳቸው፡፡ ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው «ያስመጣል፤ ካመጣው በኋላ ግን ፋብሪካው ሥራ ይሰጠዋል፣ ቤት ይይዛል፣ እዚሁ ይወልዳል» አሉኝ፡፡ በትዝታ የጣፈጠ ሊሆን ይችላል፡፡ ሆኖም ቁም ነገሩን ጨብጠዋል፡፡ ድሬዳዋ ራሷ በባቡር የመጣ ሰው የቆረቆራት ከተማ ናት፤ «የእኛ ልጅ፣ የሰው ልጅ» የሚል ክፍፍል አያምርባትም፡፡ ስለዚህ ጥያቄዬ ተጫዋቹ ከየት መጣ አይደለም፡፡ ስንት ዓመት ይቆያል ነው፡፡

ሌላም ያልተጠቀምንበት ዕድል አለ፡፡ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ውድድር በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር ድሬዳዋ በተደጋጋሚ አዘጋጅ ሆናለች፡፡ የ2017 ዓ.ም. ውድድርም የተጀመረው እዚህ ነበር፡፡ በእነዚያ ሳምንታት ሆቴሎቻችን በቡድኖች ይሞላሉ፣ ባጃጁም ምግብ ቤቱም ይሠራል፡፡ የሊጉ ቡድኖች በሙሉ በደጃችን ልምምድ ሲሠሩ፣ የእኛ ታዳጊዎች ከአጥር ውጭ ሆነው ይመለከታሉ፡፡ በሌላ በኩል ክለቡ በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት የሚጫወተው ከተማዋ ስታዘጋጅ ብቻ በመሆኑ፣ ከሜዳ መግቢያ የሚያገኘው ቋሚ ገቢ የለም ማለት ይቻላል፡፡ የቴሌቪዥኑም ገንዘብ ቢሆን፣ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ከሱፐር ስፖርት ጋር የተፈረመው ስምምነት ለአምስት ዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ለሁሉም ክለቦች የሚከፋፈል ስለነበር፣ የአንድን ክለብ የደመወዝ ጉድጓድ የሚደፍን አልነበረም፡፡ ጉድጓዱን የሚደፍነው የከተማው ነዋሪ ግብር ነው፡፡

ይህንን የምለው ክለቡ ይፍረስ ለማለት አይደለም፡፡ ፋብሪካው ከደከመና ባቡሩ ከቆመ ወዲህ የድሬዳዋን ስም በየሳምንቱ በአገር ደረጃ የሚያስጠራ ተቋም ብዙ አልቀረንም፡፡ ነገር ግን በእኔ እምነት ከቀጣዩ ክረምት ጀምሮ ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ተጫዋች በሦስት ዓመት ውል ሊያዝ ይገባል፡፡ ከመካከላቸው ሁለቱ ከታዳጊ ቡድኑ ያደጉ ቢሆኑ፣ ገንዘብ ከማትረፍም አልፎ ዮርዳኖስን ባየንበት ዓይን የምናያቸው ይሆናሉ፡፡ የረጅም ጊዜ ውል አደጋ እንዳለውም አልክድም፡፡ ልጁ ቢጎዳ ወይም ቢቀዘቅዝ ክለቡ መክፈሉን ይቀጥላል፤ ደመወዝ ሲዘገይ ደግሞ ተጫዋቹ ከስሶ ይረታል፡፡ ስለዚህ የሦስት ዓመት ውል የሦስት ዓመት የበጀት ዋስትና ይፈልጋል፡፡ ያንን መስጠት የሚችለው ደግሞ ክለቡ ሳይሆን የከተማው ምክር ቤት ነው፡፡

ምክር ቤቱ የክለቡን ገንዘብ ሲያጸድቅ ከጠቅላላ ድምሩ ጋር አንድ ዝርዝር አብሮ እንዲቀርብለት ይጠይቅ፡፡ ስንት ተጫዋች አለ፣ የእያንዳንዱ ውል መቼ ያልቃል፣ ከታዳጊ ቡድኑ ያደገው ስንት ነው፣ ባለፈው ዓመት በነፃ የሄደው ስንት ነው? የማንም ደመወዝ በስም መጠቀስ የለበትም፡፡ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ጎረቤቴም ቅጂው እንዲደርሳቸው ከወዲሁ አዘውኛል፡፡