ሁሉ ለቀዳሚው ብቻ ይገባልን?



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ጨዋታ መጻፍ ለአንዳንዶች ዋዛ መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። በተለይም ለወላጆቻችን የኮምፒዩተር ጨዋታ የጥናት ጠላት ብቻ ሆኖ ይታያቸዋል። እኔም ጨዋታን ለማወደስ አልተነሣሁም። ነገር ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ያገኘሁት ሕግ ሳላስተውለው እስከ ክፍላችን ድረስ ተከትሎኝ ስለ መጣ፣ የተሰማኝን መግለጽ ተገቢ መሰለኝ።

ጨዋታው «ሲቪላይዜሽን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ሥልጣኔ» ማለት ነው። ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ የተባሉ ሰዎች የመጀመሪያውን በ1991 ሠርተው አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ሰባተኛው በ2025 ወጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አጨዋወቱ እንደ ገበጣ በየተራ ነው። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ተረክቦ ከተማ ይቈረቍራል፤ እርሻ ያሳርሳል፤ ጎተራና ቅጥር ያሠራል፤ ጦር ያሰልፋል። ከሕንጻዎቹ ሁሉ የሚያጓጉት ግን «ድንቅ ሥራዎች» የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህም የግብፅ ፒራሚዶች፣ የባቢሎን ተንጠልጣይ የአትክልት ቦታ፣ የእስክንድርያ ታላቅ ቤተ መጻሕፍትና የመሳሰሉት ናቸው። ጎተራን ማንም በየከተማው ሊሠራ ይችላል፤ ድንቅ ሥራ ግን በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ቀድሞ የፈጸመ እንደ ሆነ ለሌላው በሩ ተዘጋ። እኛ ቤት በምንጫወተው በአምስተኛው እትም፣ የተቀደመው ሰው ለደከመበት ጥቂት ወርቅ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በቀር የሚቀርለት ነገር የለም።

ባለፈው ክረምት እኔና የ14 ዓመት ታናሽ እኅቴ በአንድ ኮምፒዩተር እየተቀባበልን ስንጫወት ታላቁን ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ቈረጥሁ። ሥራውን የሚያፋጥን እብነ በረድ በከተማዬ አጠገብ ስለ ነበረኝ፣ ማንም አይቀድመኝም ብዬ ተማመንሁ። ሁለተኛ ከተማ መቈርቈሩን አቆየሁት፤ ጎተራውንም ቅጥሩንም አቆየሁ። ሁለት ዙር ሲቀረኝ ቤተ መጻሕፍቱ በሌላ አገር መፈጸሙን የሚያበሥር ማስታወቂያ ብቅ አለ። የፈጸመችውም እኅቴ ነበረች። እኔም ደስ አለሽ ወይ እንኳ ሳልላት ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ተነሣሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉም አላነጋገርኋትም።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እራት ላይ፣ እናታችን እየሰማች «አንተ ግን ምን ጎደለብህ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

በኋላ ግን ብቻዬን ተቀምጬ አሰላሁት። በዚያ እትም ታላቁ ቤተ መጻሕፍት 185 መዶሻ የሥራ ኃይል ይጠይቃል፤ ማንም የሚሠራው የተለመደው ቤተ መጻሕፍት ግን 75 ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያው ድካም ሁለት ቤተ መጻሕፍት ሠርቼ 35 ይተርፈኝ ነበር። እርግጥ ታላቁ ቤተ መጻሕፍት ለሠሪው አንድ አዲስ ዕውቀት በነጻ ይሰጣል፤ ጥቅም የለውም አልልም። ነገር ግን ልቤን ስመረምረው እኔን ያሳበደኝ ዕውቀቱ አልነበረም። የፈለግሁት እኔ እንዲኖረኝ ብቻ ሳይሆን ሌላው እንዳይኖረው ጭምር ነበር። ሕዝቤን ያለ ጎተራና ያለ ቅጥር ያስቀረሁት ለዚህ ስል ነው።

ምናልባት አንዳንዱ ሰው «ፉክክር ከሌለ ሥራ የለም» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አበውም «ምቀኛ አታሳጣኝ» ያሉት ስለዚህ ነው። ድንቅ ሥራው ለሁሉ የሚዳረስ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ጨው እንደሌለው ወጥ በሆነ ነበር። የትኛው ከተማ ይሥራው፣ የትኛው ድንጋይ ይርዳን፣ መቼ እንጀምር ብለን የምናስበው ተቀዳሚ እንዳንሆን በመፍራት ነው። ስለዚህ ሕጉ ለጨዋታ ሕግነቱ መልካም ነው። ስሕተቱ የዓለም ታሪክም ሆነ የእኛ ኑሮ በዚያው ሕግ የሚሄድ ሲመስለን ነው።

ታሪክን ልብ ብሎ ለሚመለከት ነገሩ ሌላ ነው። የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ስመ ጥር ሆኖ ሳለ፣ የጴርጋሞን ነገሥታት «ተቀድመናል» ብለው እጃቸውን አላጣጠፉም፤ የራሳቸውን ቤተ መጻሕፍት ሠሩ እንጂ። ዛሬም በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ብራና የሚጠራበት ቃል ከዚያች ከተማ ስም የወጣ ነው። የኩሽ ነገሥታትም ከጊዛ ፒራሚዶች ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይተው የራሳቸውን ፒራሚዶች አቆሙ፤ በሱዳን፣ በሜሮዌ፣ እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ2012 በወጣው የአምስተኛው እትም ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ ወደ ጨዋታው ስትገባ ልዩ ሕንጻዋ ሐውልት ነበረ፤ ያም በየከተማው ሊቆም የሚችል ነው። በሰባተኛው እትም ግን የአክሱም ታላቅ ሐውልት ከድንቅ ሥራዎች ተቈጠረ። ይህን ባየሁ ጊዜ በጣም ኰራሁ። ነገር ግን በሕጉ መሠረት የሮምን ሕዝብ የያዘ ተጫዋች ቀድሞ ሐውልቱን ቢያቆም፣ አክሱምን የያዘው ሰው ያለ ታላቅ ሐውልት ይቀራል ማለት ነው!

በእውነተኛው አክሱም እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረም። ትልልቅና ትንንሽ፣ የተጠረቡና ያልተጠረቡ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ሐውልቶች ተተክለውባታል። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ የሆነው፣ ዛሬ ተሰባብሮ ተጋድሟል፤ ሊቃውንትም ሲተከል ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። ከእርሱ የሚያንሰው የንጉሥ ዒዛና ሐውልት ግን ቆሞ ይታያል። 24 ሜትር ያህል የሚሆነው ሌላው ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 በቦታው እንደ ገና ቆመ። በሮም አደባባይ ያን ያህል ዘመን መቆሙ የሮም ሥራ አላደረገውም። የሰው እንዳይኖረው ማድረግ የራስ ሥራ ሆኖ አያውቅምና።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ክፍላችን ለመናገር ነው። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲቃረብ አንድ ጓደኛዬ ታሞ ሰንብቶ የሒሳብ ደብተሬን እንዳውሰው ለመነኝ። እኔም «ጠፍቶብኛል» አልሁት። ደብተሩ በዚያች ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በደረጃ እርሱ ይቀድመኝ ስለ ነበረ እንደ ድንቅ ሥራ ቈጠርሁት፤ እርሱ ካገኘው እኔ የማጣው መሰለኝ። ደብተር ግን ድንቅ ሥራ አይደለም። ጓደኛዬ ቢያነበው ከገጹ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አትጎድልም ነበር። ይህንን ሲያነብ ያውቀኛልና ይቅርታውን እለምናለሁ።

1ኛ መውጣት መጥፎ ነው አላልሁም፤ በየክፍሉ 1ኛ የሚወጣ አንድ ሰው ነውና ለእርሱ ማጨብጨብ ይገባናል። ነገር ግን ዕውቀት አንዱ በወሰደው ጊዜ ለሌላው አይዘጋም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አንድን ነገር ለማግኘት ስንሮጥ «ይህ ነገር ለጎረቤቴም ቢኖረው እኔ እፈልገዋለሁን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ «አዎ» ከሆነ እንበርታ፤ ብንቀደምም ድካማችን ከንቱ አይቀርም። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ግን ጎተራችንን ብናሠራ ይሻላል።

ከእኅቴ ጋር ታርቀናል። በቀደም ስንጫወት ፒራሚዶቹን ቀደመችኝ። እኔም «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ጎተራዬን ጀመርሁ።