መንታ ዲስክ ዋስትና ነውን?

እንደ ገለጉ ባለ ቆላ፣ በሙቀቱና በመብራት መቆራረጡ መካከል፣ ከሰርቨሩ ሁለት መንታ ዲስኮች አንዱ ቢበላሽ ሥራው አይቋረጥም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መረጃ ስለሚይዙ የተረፈው ብቻውን ያገለግላልና። አዲስ ዲስክ ወዲያው ተክቶ መንታነቱን ለመመለስ መቸኮል ግን ስሕተት ነው እንላለን።

ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ሙቀትና በአንድ የኃይል መዋዠቅ ያረጁ ናቸው። በግልበጣው ጊዜ የተረፈው ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ 1 ቴራባይት በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ መካከል እርሱም ቢወድቅ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ መረጃውን ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ፣ የተበላሸውንም በመለያ ቁጥሩ ለይቶ ማውጣት ያሻል፤ ጤነኛው በስሕተት ቢነቀል ሰርቨሩ ይቆማል።

መንታነት ከዲስክ ብልሽት እንጂ ከእሳት ወይም በስሕተት ከመሰረዝ አያድንም፤ ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ይሰረዛልና። የደርቡሽ ጦር እ.ኤ.አ. በ1888 ከመተማ በኩል ዘልቆ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ነደዋል። በአንድ ዕቃ ቤት የተቀመጡ ሁለት ግልባጮች ለእሳት እንደ አንድ ናቸው። ተማሪዎቻችን አዲስ ዲስክ ከመግዛታቸው በፊት «ሌላ ቦታ ግልባጭ አለን?» ብለው ይጠይቁ።