የቃላት ምንጭ፦ ፋብሪካና ፋብሪክ

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በመልካ ጀብዱ በኩል፣ ሰው ሁሉ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚለው የፋብሪካዎች መንደር አለ። ከገጠር ብዙ ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደዚያ ይሄዳሉ። ወላጆችም ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። ፊደል የቆጠረ ሰው ደግሞ በበሩና በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ አያልፍም። ታዲያ እዚያ የሚነበበው ቃል ብዙው የፈረንጅ ነው። ለጆሮ የምናውቀው ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል።

እስቲ ፋብሪካ የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቃሉን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖችም ከጥንት ሮማውያን ቋንቋ፣ ከላቲን ወረሱት። በላቲን «ፋበር» ማለት ባለ እጅ፣ ይልቁንም ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። «ፋብሪካ» ደግሞ የእርሱ መሥሪያ ቤት ነበር። በአገራችን ቀጥቃጩ ማረሻውን እየሠራልን ስንንቀው ኖረናል። ያ ሁሉ ትልቅ ፋብሪካ የሚጠራው ግን በእርሱ ስም ነው!

እንግሊዞችም ይህንኑ ቃል ወሰዱና «ፋብሪክ» አሉት። መጀመሪያ ሕንፃን፣ ኋላም ማንኛውንም ተሠርቶ ያለቀ ነገር ይጠሩበት ነበር። እየቆየ ትርጉሙ ጠበበ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ፋብሪክ ማለት ጨርቅ ነው። ልብስ በሚሰፋበት ቤት አንድ ጥቅል ላይ «ፋብሪክ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ውስጡ ጨርቅ አለ ማለት ነው እንጂ የፋብሪካው ስም አይደለም። ፋብሪካውንማ እንግሊዞች «ፋክተሪ» ነው የሚሉት።

ሁሉም ቃል እንዲህ አያሳስትም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱን ያመጡት ፈረንሳዮች ስለነበሩ ቋንቋቸው በከተማው ቀርቷል። ለገሃር የምንለው በእነርሱ ቋንቋ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። የድሮውንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የከተማው ሰው «ኮተኒ» ይለዋል። ፈረንሳዮች ጥጥን «ኮቶን»፣ ጣሊያኖች «ኮቶኔ»፣ እንግሊዞች «ኮተን» ይሉታል። መነሻው ግን የዐረብ ቃል ነው፤ በዐረብኛ ጥጥ «ቁጥን» ይባላል። እዚህ ላይ ድምፁም ነገሩም አንድ ነው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚለውስ? «ኢንዱስትሪ» በላቲን ትጋት ማለት ነበር። «ፓርክ» የታጠረ ቦታ ነው፤ በፈረንሳይኛ የበግ በረትም ፓርክ ይባላል። እንግዲህ የትጋት በረት ብንለው ብዙ አልራቅንም።

አሁን የሚያቃጥለው ቃል ጋ ደረስን። የከባድ መኪናው ነዳጅ ናፍጣ ነው። ይህም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በርሜል ላይ «ናፍታ» ተብሎ ቢጻፍ የእኛ ናፍጣ አይደለም። እንግሊዞች ናፍጣን «ዲዝል» ይሉታል። ናፍታ የሚሉት ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ጠባዩ ወደ ቤንዚን ያደላል። በአንዳንድ ሥራ ቤት የቅባት እድፍ ከጨርቅ ለማስለቀቅ ይጠቀሙበታል። ናፍጣ ቶሎ አይተንም። ናፍታ ግን ክዳኑ ሲከፈት በቀላሉ ይተናል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቅ አገርማ ይብስበታል። ትነቱ አይታይም። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ የተለኮሰ ሲጋራ ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ካገኘ በእሳት ይያያዛል። እሳቱም ተመልሶ እስከ በርሜሉ ይመጣል። «ናፍጣ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብሎ አጠገቡ ክብሪት የሚጭር ሰው በአንዲት ፊደል ምክንያት ሊቃጠል ይችላል። «ጣ» እና «ታ»፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ጋዝ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ጣጣ አለው። እኛ ጋዝ የምንለው ለኩራዝ የሚጨመረውን ፈሳሽ ነው፤ በፈረንጅ ቋንቋ ግን ጋዝ እንደ አየር ያለ ነገር ነው። እርሱን በሚመጣው ሳምንት እናየዋለን።