ቃለ ጉባኤ ያዡን ማጠናከር የሕዝቡን ውሳኔ መጠበቅ ነው

ሰፊው ሕዝብ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል ሲባል አዳራሽ ሞልቶ ማጨብጨብና እጅ ማውጣት ማለት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ሊሆን ይገባል። እጅ ከወጣ በኋላ ምን ተወሰነ? ማን ደገፈ፣ ማንስ ተቃወመ? ውሳኔውን ማን፣ እስከ መቼ ያስፈጽማል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስልን ከመድረኩ ላይ የሚናገረው ሊቀ መንበር ሳይሆን በጎን ጠረጴዛ አቀርቅሮ የሚጽፈው የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ እምብዛም አይነገርም። ምስጋናው ሁልጊዜ ለተናጋሪው ነው።

ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ በሚወስደው ጎዳና አፍ ላይ የምትገኘውን ወሎ ሰፈርን እንውሰድ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ በየቀበሌው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርስ ቤቶችንም እንዲያስተዳድሩ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ከዚያን ቀን አንሥቶ የድሀው ቤተሰብ ጣሪያ የቆመው በምሰሶ ብቻ ሳይሆን በፋይል ላይም ነው። ተከራዩ ሲሞት ቤቱ ለማን እንዲተላለፍ ተወሰነ? ማድ ቤቱ በማን ፈቃድ ተጨመረ? የአጥሩ ክርክር እንዴት አበቃ? መልሱ ሁሉ ያለው በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ የአስተዳደሩ እርከን በተደጋጋሚ ተለዋውጧል። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞችና በ203 ቀበሌዎች ተዋቀረች፤ በኋላም ቀበሌዎቹ ተጠቃለው በወረዳ ተተኩ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ማኅተሙም ታፔላውም ተለወጠ። የነዋሪው መብት ግን ያው በአሮጌው ወረቀት ላይ ቀረ። አካባቢው ለልማት ሲፈለግና የዕድሜ ባለጸጋዋ ተከራይ ማስረጃ አምጪ ሲባሉ፣ ከሥልሳዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ የተጋዘው ፋይል መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ የኑሯቸው ጉዳይ ነው። ፋይሉን በየዝውውሩ ቆጥሮ የተረከበ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከነበረ ይገኛል፤ ካልነበረ ግን የትኛውም መመሪያ አይተካውም።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ሐቅ መሸሸግ አይገባም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ቀበሌዎች ጠመንጃና እስር ቤት ይዘው ነበር። ለሕዝብ አገልግሎት የተቋቋመ ጽሕፈት ቤት የሰው ልጅ የሚታሰርበት ሆነ። ስለሆነም የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ እናጠናክር ስንል የአለቃውን ቃል ሳያዛንፍ የሚገለብጥ ታዛዥ እናፍራ ማለታችን አይደለም። ያልተወሰነውን ተወሰነ ብሎ እንዲጽፍ ሲታዘዝ “አልጽፍም” ብሎ በማግሥቱ ከሥራው የማይፈናቀል ሠራተኛ ያስፈልገናል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ደንግጓል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ለአንድ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 የሚደርሱ አባላት ተመርጠዋል። ሦስት መቶ አፍ በአንድ ብዕር ሲመዘገብ ምን ሊጎድል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በ1871 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኮሚዩን መጀመሪያ በዝግ ሲመክር ከቆየ በኋላ የስብሰባዎቹን ዘገባ በይፋ ጋዜጣው ላይ ያሳትም ጀመር፤ ጠላት በደጅ ሳለ እንኳ የራሱን ክርክርና ስሕተት ለሕዝብ ገለጠ። ጥይት በማይጮኽበት ወረዳ የባለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የሚያስቸግርበት ምክንያት ምንድን ነው?

“ቃለ ጉባኤ ማንም ፊደል የቆጠረ ይይዘዋል” የሚሉ ወገኖች አሉ። እነዚህ ሰዎች አንድም ቀን በሞቀ ክርክር መካከል ተቀምጠው አልጻፉም! የተቃዋሚውን ሐሳብ እንደ ደጋፊው አስተካክሎ ማስፈር፣ አጀንዳን ከስብሰባው ቀናት ቀድሞ ለአባላት ማዳረስ፣ ሕጉ የማይፈቅደውን ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት ማመልከት ሥልጠናን የሚጠይቅ ሙያ ነው። ሠራተኛው ተጠሪነቱ ለአስፈጻሚው ሳይሆን ለምክር ቤቱ ይሁን። መዝገቡ ገጽ በገጽ ቁጥር ይሰጠው፤ ዝናብ የማያገኘው ክፍልም ይኑረው። ኮምፒዩተር መግባቱ መልካም ነው፤ ሆኖም መብራት በጠፋ ቁጥር “ሲስተም የለም” ተብሎ ባለጉዳይ የሚመለስ ከሆነ አሮጌው ቢሮክራሲ አዲስ ልብስ ለበሰ እንጂ አልሞተም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደመወዙ ከሰው እጅ እንዳይጠብቅ የሚያደርገው ሊሆን ይገባል። በየቢሮው ስለ ጉቦ የሚሰበከው ስብከት ያለዚህ ነፋስ ነው።

የወሎ ሰፈር ነዋሪዎችና ሠራተኞችም የበኩላቸውን ለመጀመር መመሪያ መጠበቅ አያሻቸውም። በሚቀጥለው ስብሰባ አዲሱ አጀንዳ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ይነሣና ያለፈው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብ ይጠይቅ።