ትንሹን ነገር አጉልቶ ስለ ማንሣት

መስከረም ሲጠባ በየካ ዳገትና በእንጦጦ ላይ የሚፈነዳው አደይ አበባ ብዙ አይቆይም። በላዩ ያረፈችውን ንብ ለልጆቹ በፎቶግራፍ ሊያስቀር የሚወድን አባት፥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራው ሌንስ ዋጋ ያስደነግጠዋል፤ አበባውም ገንዘብ እስኪጠራቀም አይጠብቅም።

ስለዚህ ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ያለው ሰው፥ በካሜራውና በሌንሱ መካከል መስተዋት የሌለበትን ባዶ ቀለበት ያግባ። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ቀለበቶች ተደራርበው 50 ሚሊሜትር ቢሞሉ፥ ንቢቱ በፊልሙ ወይም በዲጂታሉ መቀበያ ላይ በራስዋ ቁመት ልክ ትሣላለች። ሌንሱን ገልብጦ መግጠምም ይቻላል፥ ይረክሳልም፤ ነገር ግን የኋላው መስተዋት ለአቧራ ስለሚጋለጥ እኔ ቀለበቱን እመርጣለሁ። ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳልና ፀሐይ ከፍ ስትል ይሁን፤ የተራራው ነፋስ ሲያወዛውዝም አንዱ ልጅ አገዳውን ቀስ ብሎ ይያዝ።